ማር የነካ አውራ ጣት

የሰፈሬ ልጆች «እማማ፣ ማስተርስ የተማርሽበትን ንገሪን» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ፊደል ሳልቆጥር፣ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩበት ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዲግሪው የልጅ ልጄ ነው፤ ወንበሩ ግን የኔም ነበር። ከጠየቁኝ ዘንድ እኔ ልናገር፣ እነሱ ይጻፉ። ብቻ አደራ ብያቸዋለሁ፦ የፈራሁትን እንደ ፈራሁት ይተዉልኝ፤ አያለስልሱብኝ።

ነገሩ የጀመረው በአራስ ልጅ ነው። የልጅ ልጄን፣ እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት፣ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ «እማዬ» የምትለኝም ለዚያ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሁድ ትማራለች። ባሏ ለሥራ ሌላ አገር ተመድቦ ሄዷል። ትምህርቱን ከመጀመሯ ሴት ልጅ ተገላገለች። «ለዘንድሮ ይቅርብሽ» ያላት ብዙ ነው። እኔ ግን «አይቀርም፤ ሕፃኗን አዝዬ እከተልሻለሁ። ሲርባት ወጣ ብለሽ ታጠቢያታለሽ» አልኋት። እኔ እንደ ሆንሁ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ከሹም አቦ ሐይቁ ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ፋሲሎ ስዞር ነው የምውለው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ድረስ መሄድ ለኔ መዞሪያ መጨመር ነበር።

መጀመሪያ ከክፍሉ ውጭ ዛፍ ሥር ነበር የምቀመጠው። ጊዜው የክረምቱ ጅራት ነው፤ አንድ ቀን ዝናቡ በድንገት ዘነበና መምህሩ ራሱ ወጥቶ «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ! ሕፃኗ በሰበሰች» አለኝ። ገባሁ። በስተኋላ፣ በሩ አጠገብ አንድ ወንበር ነበረች፤ እዚያ ላይ ተቀመጥሁ። ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን ተመልሼ ዛፉ ሥር አልሄድሁም። ማንም ውጪ አላለኝም።

ተማሪዎቹ ልጆች እንዳይመስሏችሁ። ሚስት ያለው፣ ባል ያላት፣ ራሱ የተመለጠም ነበረባቸው። ግማሾቹ የባንክ ሠራተኞች ናቸው። አንድ ቀልደኛ ነበረ፤ በገባ ቁጥር ወደኔ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ለፈተናው ያስኮርጁኛል አይደል?» ይለኛል። «ወረቀትህን ወዲህ አምጣው፤ ይቺ ትሸናበትልሃለች» እለዋለሁ። አንዲት ሳቂታ ልጅ ነበረች፣ አባቷ ፎቅ ያከራያል ይባላል። አንድ ደግሞ ባለ ከረባት። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ፣ ባንክ ውስጥ ከፍ ያለ ወንበር ያለው ሰው ነው። ሕፃኗ ስታለቅስ ከሌሎቹ ቀድሞ በሩን የሚከፍትልኝ እሱ ነበር። ይህን የምናገረው ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩት ነው። እኔን ያስፈራኝ ክፉ ሰው አልነበረም።

አሁን ስለ አውራ ጣቴ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም።

ልጅ እግር ሳለሁ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወረድሁ። ከመተማ ድልድዩን ተሻገርሁና ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ። ምን ወሰደሽ ቢሉኝ እግሬ ነው የምለው። ወረቀት የለኝ፣ ቋንቋ የለኝ። ጎረቤቴ የጎንደር ሴት ነበረች፤ ሱዳናዊ አግብታ ወንድና ሴት ወልዳለች። ባሏ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ነበር። ወረቀት የሌለውን ሰው የሚለቅሙ ፖሊሶች ሲመጡ ያ ሰው ዱላውን ይዞ በራፌ ላይ ይቆምና «ይቺ እኅቴ ናት» ይላል። እኅቱ አለመሆኔን የማያይ ዓይን አልነበረም። እሱ ግን ከበሩ ንቅንቅ አይልም፤ ፖሊሶቹም ቆመው ቆመው ይሄዳሉ።

ሚስቱ ታማ አልጋ ያዘች። እንደማትድን ሲገባት «እነዚህን የጡት ልጅ አድርጊልኝ» አለችኝ። በእኛ አገር ደንብ ነው፤ ያልወለዱትን ልጅ የራስ ለማድረግ ሲፈለግ አውራ ጣትን በማር ነክሮ ልጁን ማጥባት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው በቃ፤ ሞትም አይፈታውም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ባሏም ቆሞ እያየ፣ አውራ ጣቴን በማር ነከርሁ። ሴቷ እየሳቀች ጠባች። ወንዱ ግን ኮስታራ ነበር፤ ጠብቶ ጠብቶ ሲያበቃ ነከሰኝ። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ፣ በጣቴ ሆድ ላይ እንደ ነጭ ክር። እናታቸው ያን ቀን ሥቃይዋን ረስታ ስትስቅ አይቻታለሁ።

እኔ በኋላ ወዳገሬ ተመለስሁ፤ የልጅ ልጄን የማሳድግ እኔው ሆንሁ። ልጆቹም እዚያው አደጉ። ወንዱ ዐረብ አገር ለሥራ ሄደ። ከዚያ ሱዳን ጦርነት ሆነ። አንድ ቀን ሹም አቦ ከደጃፌ ላይ ቶብ የለበሰች ሴት፣ ያችን ረጅም ስስ ልብሳቸውን ከራስ እስከ እግር የተጠቀለለች፣ ቆማ «ዩማ» አለችኝ። እናቴ ማለት ነው በነሱ። ያች እየሳቀች የጠባችው ናት። አሁን አትስቅም።

እናቷ ያገራችን ሰው፣ አባቷ የዚያ አገር፣ እሷ ግን የማንም ወረቀት የላትም። የዚህ አገር ሰዎች ስደተኛ ይሏታል፤ የዚያዎቹ ሐበሻ ነበር የሚሏት። ልብስ እያጠበች ትኖር ጀመር። ወንድሟ ብር ሊልክላት ፈለገ፤ ባንክ ሄደች፣ መታወቂያ አሏት። ቀበሌ ሄደች፣ መሸኛ አሏት። መሸኛ ከሚነድ ቤት ማን ይጽፋል? እኔ ግን የልጅ ልጄ አንድ ጊዜ ያወጣችልኝ የባንክ ደብተር ነበረችኝ፤ ሣጥን ውስጥ ተኝታ የኖረች፣ በጣት አሻራ የምትሠራ። «በኔ ስም ይላክ» አልሁ። አንድ ጊዜ ተላከ፤ አብረን ሄደን አወጣን፣ ሰጠኋት። ለልጅ ልጄ አልነገርኋትም። የመንግሥት ሥራ ያላት ልጅ ናት፤ ነገር እንዳይነካት ብዬ ነው።

የቀረው አባትየው ነበር፣ ያ ዘበኛ። አርጅቶ፣ እግሩ አብጦ፣ ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ጋላባት ወድቋል። አንድ ባለ መኪና እስከ ጎንደር ላምጣው ብሏል፤ ክረምቱ ሳይገባ ግን፣ ብሩንም በእጁ ካየ። የዚያን ጊዜ መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ተከፈተ ይባላል፣ ነገ ተዘጋ። ባጃጆቹ ገና በፀሐይ ወደየቤታቸው ይገቡ ነበር። ወንድሟ ሁለተኛውን፣ የአባቱን መምጫ፣ ልኬያለሁ ካለ ሰንብቷል። ይግባ አይግባ እኔ አላውቅም፤ ስልኩም ኔቱም የለም።

ግንቦት ነበር። ሰማዩ ወደ ሐይቁ በኩል ይጠቁርና ሳይዘንብ ይመለሳል። ያን እሁድ መምህሩ «የዛሬው ርዕሳችን ስደተኞችና ባንክ ነው» አለ። ሕፃኗን ከጀርባዬ አወረድሁና ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኋት።

«ስደተኞች ባንክ የማይጠቀሙት ለምን ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀ።

ሳቂታዋ «ወለድ ሃይማኖታቸው አይፈቅድላቸውማ» አለች።

«እሱስ ወለድ የሌለበትም አለ» አለ ባለ ከረባቱ።

«ታዲያ አያውቁትም። ማስተማር ነው።»

ቀልደኛው «ምን ያስተምሯቸዋል? ወርቅ በወገባቸው ታጥቀው ነው የመጡት! የቤት ኪራዩን ማን አስወደደው? ባለፈው አከራዬ ‹ለሱዳን ባከራየው በዶላር ነበር› አለኝ» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

«አከራይህ ውሸታም ነው። የኛዎቹ ተከራዮች አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነው ነው የሚኖሩት» አለች ሳቂታዋ። ቀጥላ ደግሞ «እኔ ግን አይገባኝም፤ ስልክ አላቸው አይደል? በስልክ አካውንት መክፈት እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው!»

መምህሩ «መታወቂያ የሌለው ሰውስ?» አለ።

«ቀበሌ ሄዶ ያወጣላ! ሦስት ምስክር ይዞ።»

«ምስክሩን ከየት ያመጣል?»

«ጎረቤት የለውም እንዴ?»

ሁሉም መልስ ነበራቸው። ሲናገሩ ደስ ይላሉ እኮ፤ ጥርሳቸው ነጭ፣ ልብሳቸው ንጹሕ። እንደ ልጅ ጨዋታ ነበር የማየው። መምህሩ ድንገት ወደ በሩ ቀና ብሎ «እናቴስ ምን ይላሉ?» አለኝ። አንገቱ ሁሉ ዞረ። «እኔ ልጅ ይዣለሁ» አልሁ። ሳቁ፤ ወደ ፊት ዞሩልኝ።

ያኔ ባለ ከረባቱ እጁን አወጣ። «መምህር፣ አንድ እውነተኛ ነገር ላምጣ? ሰው አልጠራም። ከዚሁ ከከተማችን ነው፣ ወረቀቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።» መምህሩ ፈቀደለት። ተነሥቶ ወደ ፊት ወጣ፤ ከረባቱን አስተካከለ።

«አንዲት አሮጊት ናት» አለ። «በጣት አሻራ የምትፈርም። ሂሳቧ ለዓመታት ተኝቶ የኖረ። በድንገት ከውጭ ብር ይገባላታል። ባንኩ በር ላይ ግን ብቻዋን አትመጣም፤ ቶብ የለበሰች ሴት አብራት አለች። ብሩን ሙልጭ አድርጋ ታወጣና እዚያው በር ላይ ለሴትዮዋ ትሰጣታለች። ገንዘብ ከፋዩ ‹ማን ነው የላከልዎ› ሲላት ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ልጄ!›»

ቀልደኛው ጮኾ ሳቀ።

«የላኪው ስም የእስላም ነው። የሷ የክርስቲያን። የአባቱም ስም ከማንም ጋር አይገናኝ። ‹ልጄ!› ትላለች።»

ሕፃኗ ጉልበቴ ላይ ነጠላዬን እየላሰች ነበር። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ልንገራችሁ? ሐይቁ ውስጥ ቆማችሁ፣ ከእግራችሁ ሥር አሸዋው ቀስ ብሎ ሲሸሽ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። አውራ ጣቴን ከሌሎቹ ጣቶቼ ውስጥ ሸሸግሁት፤ ከዚያ ወንበር የሚታይ ይመስል።

«አሁን ደግሞ ዓርብ ዕለት ሌላ ገብቷል» አለ ባለ ከረባቱ። «ከመጀመሪያው የሚበልጥ።»

የሽማግሌው መምጫ መግባቱን የሰማሁት እንግዲህ ከሱ አፍ ነው።

«ሰው አዘዋዋሪዎች ናቸው» አለች ሳቂታዋ፣ አሁን ሳትስቅ። «ምስኪን አሮጊት መርጠው ስሟን ይጠቀሙበታል።»

«ምስኪን? እሷ ናት ዋናዋ» አለ ሌላው።

«ሰኞ አስተያየቴን ለበላይ እሰጣለሁ» አለ ባለ ከረባቱ። «የናንተን ሐሳብ ይዤ ብሄድ ደስ ይለኛል። ሂሳቡ ይታገድ፣ ሴትዮዋም ትጠየቅ የምትሉ?»

መምህሩ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እጆቹ ቀደሙት። አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ተነሣ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ፊት አያይም፤ እጅ ነው የሚያይ። የቀልደኛው እጅ ቶሎ ወጣ። የሳቂታዋ ወጣ፣ አምባሯ ወደ ክንዷ ተንሸራተተ። እኔ አንዲቱን ጀርባ ብቻ ነበር የማየው፣ የልጅ ልጄን። ራሷን ደፍታ ቆየች። እጇ ከዴስኩ ላይ ነበረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ያን እጅ ጥፍሩን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። እሳት ሲያቃጥለው እፍ ያልሁት እኔ ነኝ።

«በሙሉ ድምፅ» አለ ቀልደኛው። መምህሩ «ገና አልጨረስንም፤ ሳምንት እንመለስበታለን» አለ፤ ግን ወንበሩ ሁሉ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ባለ ከረባቱ በሩን ከፈተልኝ። «ዛሬ ጨዋ ሆነች፣ አላለቀሰችም» ብሎ የሕፃኗን ጉንጭ ነካ።

ስንመለስ በሐይቁ ዳር ነበር የመጣነው። የልጅ ልጄ ከወትሮዋ ፈጥና ትሄዳለች፤ እኔ ከኋላ። እምቦጩ ዳሩን ሞልቶት፣ ውኃው መስክ መስሎ አረንጓዴ ሆኗል። ልጅ ቢሮጥበት ይሰምጣል። መንገድ ዳር የቆጋ ድንች የምትሸጠው ሴት ጠራችን፤ የልጅ ልጄ አልቆመችም፣ ዋጋም አልጠየቀችም። ቤት ልንደርስ ስንል ሳትዞር «እማዬ፣ ነገ ከቢሮ ፈቃድ እወስዳለሁ። ሕፃኗን እኔ እይዛታለሁ፤ አንቺ እንደ ልብሽ ዙሪ» አለችኝ። እግዜር ነው ያመቻቸልኝ ብዬ አሰብሁ። እሷን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ እጇን ነበር የማየው።

ልጄን፣ ባለ ቶቧን፣ ያኑ ቀን ሳይመሽ ሄጄ ልብስ ከምታጥብበት ግቢ አገኘኋት። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋት። አረፋ የነካ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«ዩማ፣ ተይው በቃ» አለች። «ወንድሜ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።»

«ክረምቱ ይጠብቀዋል?»

«አንቺን ቢይዙሽ እኔ ማን ዘንድ እገባለሁ?»

«አባትሽ በራፌ ላይ ሲቆም እንዲህ አላለም» አልኋት። «ነገ ግን አብረሽኝ አትገቢም። ሐይቁ ዳር ጠብቂኝ። ቶብሽን ደግሞ ተዪው፣ የኔን ነጠላ ልበሺ።»

ነጠላዬን ሰጠኋት። ስትለብሰው እናቷን መሰለች፤ አልነገርኋትም።

ሰኞ ባንኩ ሳይከፈት ደረስሁ። ሰው ከኔ ቀድሞ ተሰልፏል። ሲከፈት፣ ዘበኛው ወጥቶ «ሲስተም የለም! የምትጠብቁ ጠብቁ» አለ። እንግዲህ አስቡት። ሲስተም ከሌለ እኔ ማውጣት አልችልም። ሲስተም ከሌለ ባለ ከረባቱም ማገድ አይችልም። ሲመለስ የትኛችን እንቀድማለን? ያን ቀን ሙሉ ሳስብ የዋልሁት ይህን ነው። አጠገቤ ያለው ሰው ስለ ማዳበሪያ ያወራኛል፣ እኔ «አዎን፣ አዎን» እላለሁ።

ረፋድ ላይ ባለ ከረባቱ በበሩ ገባ፤ ፋይል በብብቱ ይዟል። አንገቴን ቀበርሁ። አየኝ።

«እማማ! ምነው እዚህ? ሕፃኗስ?»

«እናቷ ይዛታለች።»

«እስኪ ደብተርዎን ይስጡኝ፤ ሲስተሙ ሲመጣ ወረፋ ሳይጠብቁ ላስጨርስልዎ።» እጁን ዘረጋ። እውነቱን ነው፣ ከልቡ ነው። ሰልፈኛው ሁሉ በቅናት አየኝ።

ደብተሯ በጡቶቼ መካከል ነበረች። ትሞቃለች።

«ተወው የኔ ልጅ» አልሁት። «ቤት ብውል ምን እሠራለሁ? እዚህ ወሬም አለ።»

ሳቀ። «እንደ ወደዱ» ብሎ ፎቁን ወጣ። ደረጃው ላይ እስኪታጠፍ ድረስ ፋይሉን አየሁት። በኋላ ዘበኛው «እማማ፣ ምነው ደረትዎን ያዙ? ያምዎታል?» አለኝ። «እርጅና ነው» አልሁት።

ከሰዓት በኋላ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። «መጣ!» አለ ሰው። ተገፋፍተን መስኮቱ ላይ ደረስሁ። ከወዲያ ያለችው ልጅ እግር ናት፤ ግንባሯ ላይ ትንሽ መስቀል ተነቅሳለች፣ የገጠር ልጅ ናት። «ጣትዎን እዚህ» አለች። አደረግሁ። ማሽኑ ቀይ በራ። «እንደገና።» ቀይ። ጠባሳው ነው መቼስ። «ደርቋል ጣትዎ፤ እርጥብ ነገር ይንኩ» አለችኝ። ከየት አመጣለሁ? አውራ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትሁት። ሰው እያየኝ፣ አሮጊት እንደ ሕፃን ጣቷን ስትጠባ። የዚያ የንክሻ ጠባሳ ምላሴን ነካው።

አረንጓዴ በራ።

ልጅቱ ስክሪኑን አነበበች። ቅንድቧ ሲሰበሰብ አየሁ። ወደ ፎቁ ደረጃ ዞር ብላ አየች፤ ወይም እኔ መሰለኝ። «ላኪው ምንዎ ነው?»

«ልጄ» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ? እውነቱ እሱ ነው።

ስሙን ደግማ አነበበችው፣ በከንፈሯ ብቻ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ ዝቅ አድርጋ «የጡት?» አለችኝ።

«የጡት» አልሁ።

«አያቴም ነበራት» አለች። ማኅተሟን አንሥታ መታች።

ብሩን በመቀነቴ ቋጥሬ ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ነጠላዬን ለብሳ ቆማ ነበር፤ ከሩቅ ሳያት እኔው ቆሜ ራሴን የምጠብቅ መሰለኝ። አልተቃቀፍንም። እየሄድን፣ ሳንቆም፣ ሰጠኋት። ማግስቱን በማለዳ አባቷን ልታመጣ መኪና ተሳፈረች።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ስልክ የለ፣ ከወዲያ የመጣ ሰው የለ። መንገዱ ተዘጋ አሉ። አንድ አውቶቡስ ተመለሰ አሉ። ዝናቡ ጀመረ። እኔ በየቀኑ መናኸሪያው ድረስ እሄዳለሁ፣ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ማታ በር ሲንኳኳ እሷ ናት እላለሁ፤ ደግሞ የሚጠይቁኝ ሰዎች ናቸው እላለሁ። ሁለቱንም በአንድ ልብ ነበር የምጠብቀው። ቅዳሜ ሲደርስ ሕፃኗን አዝዬ ክፍል ገባሁ። ባለ ከረባቱ «አስተያየታችሁን ይዤ ቀርቤያለሁ፤ ብሩ ግን ቀድሞ ወጥቷል» አለ። «አየህ? ቀበሮ ናት!» አለ ቀልደኛው። ሳቁ። የልጅ ልጄ ደብተሯ ላይ ትጽፍ ነበር፤ ቀና አላለችም።

ክረምቱ ሲበረታ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ከደጃችን ቆመ። አንድ ዱላ በመጀመሪያ ወጣ። ከዱላው ኋላ፣ ልጁ እየደገፈችው፣ ሽማግሌው ወጣ፤ የዚያ ትልቅ ሰው አጥንት ብቻ ነበር የቀረው። በራፌን አየ፤ እንደ ድሮው ሊቆምበት ፈልጎ ይሁን እንጃ፣ ወደ መቃኑ ተደገፈ። «እኅቴ» አለኝ። የልጅ ልጄ ከውስጥ ወጥታ፣ አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ፣ በብብቱ ደግፋ አስገባችው። አልጋዋን ለቀቀችለት።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ደብተሬ ታገደች። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ ያች ባለ መስቀሏ ልጅ ወዴት እንደተዛወረች ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። አንድ ሰው ስሜን፣ ሰፈሬን፣ ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቀኝና «እንጠራዎታለን» አለኝ። እስከ ዛሬ አልጠሩኝም። ያም ሆኖ አባትና ልጅ ከተማው ውስጥ መሰንበት ፈሩ። አንድ ማለዳ ሄዱ። የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ እዚህ ግን አይጻፍም።

የልጅ ልጄ ተመረቀች። ያን ጥቁር ቆብ ለኔ አጥልቃልኝ ፎቶ ተነሣን፤ ልጆቹ የሚስቁብኝ በሱ ነው። እኔም ሳቅሁ። ያ እጅ ግን ከልቤ አልወጣም ነበር። ክፋቷ አይደለም፣ አላወቀችም እያልሁ ለራሴ እነግረዋለሁ። ግን ሰው ስለማያውቀው ሰው ሲጠየቅ እንዲህ እጁን የሚያነሣ ከሆነ፣ ምን አስተማርኋት እያልሁ፣ በሐይቁ ዳር ስዞር አብሮኝ የሚዞር እሱ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሰሞን ያች ጉልበቴ ላይ ነጠላዬን ትልስ የነበረችው ልጅ ከትምህርት ቤት መጣች፤ አሁን አጸደ ሕፃናት ገብታለች። ቦርሳዋን ሳታወርድ «መምህሯ ስትጠይቅ ሁሉም እጁን አነሣ፣ እኔም አነሣሁ!» አለች። «መልሱን ታውቂው ነበር?» አልኋት። «አላውቀውም» አለች። ሳቅን።

እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሳቋ ቀድሞ ቆመ። ቢላዋውን አስቀመጠችና «እማዬ» አለችኝ፣ «ያን እሁድ፣ ‹ልጄ ትላለች› ሲል፣ አንቺ መሆንሽን ወዲያው ነው ያወቅሁ። የጣትሽን ጠባሳ ታሪክ ስትነግሪኝ አይደል ያደግሁት? ዙሪያዬን አየሁ፣ ሁሉም አንሥቷል። የኔ ብቻ ቢቀር፣ ምነው ብለው መጀመሪያ ወደኔ፣ ቀጥሎ ዞረው በሩ አጠገብ ወደ ተቀመጠችው አሮጊት ነበር የሚያዩት።»